በመረጃ ደረጃ የደረሰ ውሃ

ታላቅ ሰው በሕይወት ሳለ ሊመሰገን ይገባዋል። ከሞተ በኋላማ ማንም ይመሰገናል። ስለዚህ ፕሮፌሰር ምንይችል ገና በጤና ሳሉ፣ ምሳቸውንም በደንብ እየበሉ ሳሉ፣ ሥራቸውን መዘርዘር ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ፕሮፌሰሩ በጎንደር ከተማ፣ አራዳ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ ባለ አንድ ኮሌጅ ጋዜጠኝነትና ህዝብ ግንኙነት ሲያስተምሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ጋዜጠኛ ሆነው አያውቁም። ይህ እንደ ጉድለት እንዳይታይ። ዜና ፍለጋ የሚወጣ ሰው ፀሐይ ያገኘዋል፣ ጭቃ ያገኘዋል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዜናው ራሱ ያገኘዋል። እርሳቸው ከዚህ ሁሉ ነጽተው ኖሩ።

ለማዕረግ ያበቃቸው አንድ ግኝት ነው። ገና ጀማሪ መምህር ሳሉ የአንድ ትልቅ ስብሰባ ዜና እንዲጽፉ ታዘዙ። በስብሰባው ዕለት ላለመቸኮል ብለው ዜናውን ከዋዜማው ጽፈው አስረከቡ። ስብሰባው ቀረ። ዜናው ግን ወጣ። ስብሰባው በታላቅ ድምቀት መካሄዱ፣ ተሳታፊዎችም መርካታቸው በሬዲዮ ተነገረ። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ቁጣ ጠበቁ። የመጣ ቁጣ የለም። እንዲያውም ተሳታፊ የተባሉት ሰዎች ዜናውን ሰምተው፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ለካ እያሉ በየቤታቸው ተሸማቀቁ። አንዳንዱም ስለ መቅረቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢሯቸው ድረስ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰሩ አንድም ነገር እስኪሆን ጠብቀው አያውቁም። "ዝግጁ ዜና" የሚል መጽሐፍ ጻፉ። በመጽሐፉ ውስጥ ዜናው አልቆ ተቀምጧል። ድልድይ ቢሆን፣ ትምህርት ቤት ቢሆን፣ የንብ ቀፎ ቢሆን፣ ሁሉም ተመርቆ ለአገልግሎት በቅቷል። ተማሪው የቦታውን ስምና የክብር እንግዳውን ማዕረግ ብቻ ይሞላል። ሦስት ቃላትን አጥርቶ ያወቀ ተማሪ ይመረቃል፤ እነሱም ተገለጸ፣ ተጠቆመ፣ ተመላከተ ናቸው። ከእነዚህ የወጣ መከራውን ያያል።

"እዚህ ላይ ገበሬው ተናገረ ብለህ ጽፈሃል" ይሉታል አንዱን ተማሪ።

"አዎ ፕሮፌሰር። ሲናገር ሰማሁት።"

"መስማትህ የግል ጉዳይህ ነው። ተገለጸ በል።"

"ማን ገለጸው ብዬ ነው?"

"ልጄ፣ ማን የሚባል ነገር ውስጥ ከገባህ መውጫ የለህም።"

እንዲህ እያሉ ለብዙ መሥሪያ ቤት አፍ የሚሆኑ ልጆችን አፈሩ። የየመሥሪያ ቤቱን ዜና ለሬዲዮ የሚያዘጋጀውን የኮሌጁን የህዝብ ግንኙነት ክፍልም ደርበው ይመሩ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ "ቀደም ሲል ያወጣነው ዜና ስህተት ነበር" የሚል ማስተካከያ አላወጡም። ኮሌጁም ይህን ተመልክቶ በክረምቱ መግቢያ ታላቅ ሽልማት ሊሰጣቸው ወሰነ። ሽልማቱ ላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ "ማስተካከያ ላላወጡት" የሚል ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጓሳ አምባ ከዳባት ወዲያ፣ በደጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ነፋስ ሞልቷል። ውሃው ግን ገደሉ ሥር ነው። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወርዳሉ፣ ሞልተው በጀርባቸው አዝለው ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይሟልጣል፤ ያን ጊዜ የሚወርደው ሁሉ አይወጣም። የዚያን ዓመት ደግሞ የጎረቤታችን የየትነበርሽ ምራት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የትነበርሽ ምራቷን ገደል አላስወርድም አለች። ስለዚህ በዚያ በታመመ ጉልበቷ የሁለት ቤት ውሃ ብቻዋን ታመላልሳለች። ምራቷ የምትወልደው ሰኔ ሲያልቅ ነው። ክረምቱም የሚመጣው ያኔ ነው።

ከጓሳ አምባ በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ አንድ ምንጭ አለ። ቦይ ከቆፈራችሁ ቧንቧ እናመጣለን ተባልን። ቆፈርን። ድንጋዩን ፈነቀልን። ቦዩ አፉን ከፍቶ ቧንቧ ሲጠብቅ ከረመ። ሁለት ጥጃ ገባበት፣ ቧንቧ ግን አልገባበትም።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ አያ ዳኛው ሬዲዮኑን ደጅ አውጥቶ ተቀምጧል። አያ ዳኛው የመንደራችን ሽማግሌ ነው፤ የሚናገረው ትንሽ ነው። የትነበርሽ ከገደሉ ወጥታ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆማ ትተነፍሳለች። ሬዲዮኑ እንዲህ አለ፦

"በጓሳ አምባ ቀበሌ የንጹህ መጠጥ ውሃ በዛሬው ዕለት ተመርቆ ለአገልግሎት መብቃቱ ተገለጸ። ነዋሪዎቹ በደስታ እንባ ከእንግዲህ ገደል አንወርድም ማለታቸውም ተጠቆመ።"

የትነበርሽ ወደ ሬዲዮኑ ዞር አለች።

"ማነው እንዲህ ያለ?"

"ነዋሪዎቹ" አለ አያ ዳኛው።

"ጓሳ አምባ የሚባል ሌላ አገር አለ እንዴ?"

"የለም።"

"እንግዲያ እኛ ነን ያልን?"

"እኛ ነን።"

"በደስታ አልቅሰን?"

"በእንባ ነው ያለው።"

ጀሪካኑን አወረደችና ላቧን ጠረገች። "ሸጋ አድርገን ነው ያለቀስን" አለች።

የሆነው ነገር በኋላ ተሰማ። የክብር እንግዶቹ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሆነው በዚያ ቅዳሜ ከጎንደር በእርግጥ ተነስተዋል። ሪባን ይዘዋል፣ መቀስ ይዘዋል። ቧንቧው ብቻ ነው ያልተያዘው፤ የተዘረጋ መስሏቸዋል። ዳባት ሲደርሱ ምሳ ሰዓት ሆነ። ምሳው ረዘመ። ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ሰው ጠየቁ፤ ጭቃ ነው ተባሉ። ዜናው ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ለሬዲዮው ተልኳል። ምን ይደረግ ተብሎ ሲመከር ፕሮፌሰሩ የምግብ ቤቱን የእጅ መታጠቢያ ተመለከቱ። ሪባኑ እዚያ ላይ ታሰረ፣ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እንግዶቹም ጥብስ የበሉበትን እጅ እየተራ ሲታጠቡ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ሥር "ተጠቃሚዎች" ተብሎ ተጻፈበት። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ተጠቅመዋል።

እኛም አያ ዳኛው፣ የትነበርሽና እኔ ሆነን ወደ ጎንደር ወረድን። መጀመሪያ የሄድነው አዘዞ፣ የውሃ ነገር ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ትሑት ሰው ናቸው፤ ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉን።

"ከየት መጣችሁ አባቶቼ?"

"ከጓሳ አምባ" አለ አያ ዳኛው።

"እንኳን ደስ አላችሁ።"

"ምኑን ነው ጌታው?"

"ውሃውን ነዋ።"

"ውሃ የለንም።"

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ አሉ። ስልካቸውን አውጥተው ዜናውን ከላይ እስከ ታች አነበቡልን።

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው የለም የሚለው?"

"እዚያ ላይ አይልም። እኛ ነን የምንል።"

"እናንተማ እዚህ በደስታ አልቅሳችኋል።"

የትነበርሽ በመስኮቱ አሻግራ ታያለች። ግቢው ውስጥ ጥቁር ቧንቧ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ሣር በቅሎበታል።

"ያ የማነው?" አለች።

"የጓሳ አምባ ነው።"

"እንግዲያ ስጡና።"

"አይቻልም እናቴ። እሱ ተዘርግቷል።"

"የት?"

"ጓሳ አምባ።"

"እዚህ ተኝቶ እያየሁት?"

"እርስዎ የሚያዩት በዓይን ነው" አሉ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ረጋ ብለው። "እኔ የምሠራው በዘገባ ነው። ተዘረጋ የተባለን ቧንቧ ከመጋዘን ባወጣ ሁለት ጊዜ ዘረጋ እባላለሁ። ዜናውን ያወጣው ክፍል ተሳስቻለሁ ብሎ ማስተካከያ ያውጣ። በማግስቱ አስጭኜ እልካለሁ። ሠራተኞቼም ሥራ ፈትተው ነው ያሉ።"

ነገሩ እውነት ቀና ነው። አመስግነን ወደ አራዳ ወጣን።

ኮሌጁ ውስጥ የየትነበርሽ የእህት ልጅ ዝናሽ ትሠራለች። የፕሮፌሰሩ ተማሪ ነበረች፤ አሁን በክፍላቸው ዜና ትሞላለች። ስታየን ደነገጠች፤ ግን አስገባችን። ፕሮፌሰሩ ከጓሳ አምባ መምጣታችንን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"አድማጮቻችን ናችኋ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ዜናው እንዴት ነበር? ግልጽ ነበር?"

"ግልጽ ነበር" አለ አያ ዳኛው።

"ድምፁ ይሰማ ነበር?"

"ጥርት ብሎ።"

"ቅር ያሰኛችሁ ነገር አለ?"

"ውሃው የለም።"

ፕሮፌሰሩ ጥቂት አሰቡ። "ከዚያ ሌላስ?"

"ከዚያ ሌላ የለም።"

"እንግዲያ በአብዛኛው ረክታችኋል።"

የትነበርሽ ነጠላዋን አስተካከለች። "ጌታው፣ ውሃው መጣ ብለዋል። አልመጣም። አልመጣም ይበሉልን። ቧንቧው አዘዞ ተኝቷል፤ እርስዎን ነው የሚጠብቅ።"

"እናቴ፣ ይህን በሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል" አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ተነስተውም እንደ ክፍል ውስጥ መመላለስ ጀመሩ። "ውሃው በመረጃ ደረጃ ደርሷችኋል። የቀረው በፈሳሽ ደረጃ ነው።"

"ምራቴ ስትወልድ ልጁን በመረጃ ደረጃ ነው የማጥበው?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉ ፕሮፌሰሩ። ጥያቄ ሁሉ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ከዚያ አልፈው አይሄዱም።

"ማስተካከያውስ?" አለ አያ ዳኛው።

እዚህ ላይ ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። ድምፃቸውም ዝቅ አለ። "አባቴ፣ እኔ በሕይወቴ ማስተካከያ አውጥቼ አላውቅም። ክረምቱ ሲገባ በዚሁ ልሸለም ነው። አሁን አንዷን ባወጣ ሰው የቀሩትንም ይጠይቃል። ድልድዩስ ይላል። ትምህርት ቤቱስ ይላል። አገር ይፈርሳል።"

"ድልድዩም የለም?" አለች የትነበርሽ።

"ሥልጠና እልክላችኋለሁ" አሉ ፕሮፌሰሩ።

ቃላቸውን አላጠፉም። በሳምንቱ አሰልጣኞች ጓሳ አምባ ድረስ መጡ። ጭቃው ለሥልጠና አላስቸገረም። ባነር ሰቀሉ፤ "ንጹህ ውሃ ለሁሉም" የሚል ነጭ ካናቴራ አደሉ። የሥልጠናው ርእስ የውሃ አጠቃቀም ነበር።

"ቧንቧውን ከተጠቀማችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?" አለ አሰልጣኙ።

"እንዘጋለን" አለ አያ ዳኛው።

"በጣም ጥሩ። ትዘጋላችሁ?"

"ዘግተነዋል። ከተመረቀ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልባከነም።"

አሰልጣኙ አስጨበጨበልን። ካናቴራው ነጭ ነበርና ወዲያው ጨቀየ። ሴቶቹ ሊያጥቡት ገደል ወረዱ።

ዝናሽ ከአሰልጣኞቹ ጋር መጥታ ነበር። አክስቷን ከገደሉ አፋፍ ላይ አገኘቻት፤ የትነበርሽ አንድ እጇን መሬት አስይዛ ነው የምትወጣው። ዝናሽ ጀሪካኑን ተቀበለቻትና ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"አክስቴ፣ ያን ዜና የሞላሁት እኔ ነኝ። ቧንቧው የመጣ መስሎኝ ነበር።"

"እንግዲያ አንቺው አስተካክይዋ።"

"ማስተካከያ ያለ እርሳቸው ፊርማ አይወጣም።"

"ዜናውስ?"

"ዜና ያለ ፊርማ ይወጣል። ዜና ጉዳት የለውም ይላሉ።"

የትነበርሽ ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። ዝናሽ ግን የሆነ ነገር እያሰበች ነበር።

"አክስቴ፣ ቤትሽ አንድ ሰው የሚተኛበት መደብ አለ?"

"አለ። ምነው?"

"ዜና ልሞላ ነው።"

በቀጣዩ ዓርብ ሬዲዮኑም፣ የኮሌጁ ፌስቡክም አንድ ዓይነት ነገር አወሩ። "ታዋቂው የሙያው አባት ፕሮፌሰር ምንይችል ለማኅበረሰቡ ካላቸው ፍቅር የተነሳ፣ ኑሯቸውን በጓሳ አምባ ከአርሶ አደሩ ጋር ማድረጋቸው ተገለጸ። በሁሉም የኑሮ ዘርፍ እኩል እንደሚሳተፉም ተመላከተ።"

ፕሮፌሰሩ ይህን ያነበቡት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ቤታቸው፣ ቁርስ እየበሉ ነው ይባላል። መጀመሪያ የዓረፍተ ነገሩን አሰካክ አደነቁ። "ይህን የሞላው ማነው? እጁ ጥሩ ነው" አሉ። ቀጥሎ ትርጉሙ ገባቸው። ስልኩ መጮህ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የደወሉት የኮሌጁ ዲን ነበሩ።

"ፕሮፌሰር፣ ቃል አጣሁ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት።"

"ዲን፣ እኔ እኮ..."

"ትሕትናዎን እናውቃለን።"

"ትሕትና አይደለም። ዜናው ትክክል አይደለም።"

"እህ። ማስተካከያ ይውጣ ነው የሚሉኝ?"

ፕሮፌሰሩ ዳቦውን አስቀመጡ። 

"አይ" አሉ በመጨረሻ። "አይውጣ።"

የሽኝት ፕሮግራም ተደረገላቸው። ጋቢና ዱላ ተሸለሙ። ቢሯቸው ያን ቀን ከሰዓት ለሌላ መምህር ተሰጠ፤ ሰውየው ወንበሩን ለክቶ ጨርሶ ኖሮ አልዘገየም። በማግስቱ መኪና ዳባት ድረስ አመጣቸው፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። በቅሎዋ ስለ ሙያው ምንም አላለችም።

በወጉ ተቀበልናቸው። የትነበርሽ ቤት መደብ ላይ ቁርበት ተነጠፈላቸው። እግራቸውም ታጠበ። በእኛ አገር እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ አያርፍም።

"ውሃው ይቀዘቅዛል" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ከታች ነው የሚመጣ" አለች የትነበርሽ። "ሲወጣ እኛን ያሞቃል እንጂ እሱ አይሞቅም።"

ጠዋት ሲነሱ ደጃፉ ላይ ጀሪካን ጠበቃቸው። አያ ዳኛውም አጠገቡ ተቀምጧል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጀሪካን።"

"ለማን?"

"ለእርስዎ።"

"አባቴ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም እንዴ?"

"ትናንት ነበሩ። እግርዎን አጠብን፣ አለቀ። ዜናው እንግዳ ሆኑ አይልም። ኑሯቸውን ከእነሱ ጋር አደረጉ ነው የሚል። እዚህ የሚኖር የሚጠጣውን ያመጣል።"

"እዚህ አገር ወንድ ውሃ ይቀዳል?"

"አይቀዳም" አለ አያ ዳኛው። "እኔ ቀድቼ አላውቅም። እርስዎ ግን በሁሉም የኑሮ ዘርፍ ተብለዋል።"

ፕሮፌሰሩ ስለ ዘርፍ ሊያስረዱ ጀመሩ። አያ ዳኛው በትዕግሥት ሰማቸው። ሲጨርሱ ጀሪካኑን አቀበላቸው።

ያን ጠዋት ከገደሉ አፋፍ ላይ ያልተቀመጠ የመንደር ሰው አልነበረም። እንደ ፕሮፌሰሩ ባለ ጥንቃቄ ገደል የወረደ ሰው አይተን አናውቅም፤ የወረዱት በቂጣቸው ነው። ሲወጡ ደግሞ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ጋር ተወያዩ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጀሪካኑ በግማሽ ነበር። ግማሹ ጀርባቸው ላይ ነው።

የትነበርሽ ብድግ አድርጋ መዘነችው። "ሸጋ ነው" አለች። "በመረጃ ደረጃ ሙሉ ነው።"

እንዲህ ሰነበቱ። ሰኔም ገባ። ዝናቡ መጣል ሲጀምር መንገዱ ይሟልጥ ጀመር። የትነበርሽ ምራት ደግሞ ወገቧን ይዛ መቀመጥ አበዛች። ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን ከነጀሪካናቸው ተንሸራተው ከግራር ሥር ተገኙ። ሲነሱ ጭቃቸውን ሳይጠርጉ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጡ። አዘዞ ደወሉ። አያ ዳኛውና እኔ አጠገባቸው ቆመናል፤ የሰውየው ድምፅ ይሰማል።

"አቶ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ፕሮፌሰር ምንይችል ነኝ። ጓሳ አምባ ውሃ የለም።"

"ፕሮፌሰር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጓሳ አምባማ አለ።"

"ጓሳ አምባ ነው ያለሁት። በዓይኔ ነው የማየው።"

"የዓይን ምስክር ብቻውን ምንጭ አይሆንም ይላል መጽሐፍዎ።"

"የትኛው መጽሐፌ?"

"ዝግጁ ዜና። እኔ የማታ ተማሪዎ ነበርሁ፤ በማዕረግ ነው ያስመረቁኝ።"

ፕሮፌሰሩ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ከጉብታው ላይ ተቀምጠው ዜና በሚጽፉበት ጣታቸው ስልኩን መነካካት ጀመሩ። ቆዩ። መጽሐፋቸው ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አልነበረም። የትነበርሽ ከገደሉ ስትወጣ አገኘቻቸው።

"ምን ብለው ጻፉ?"

"በጓሳ አምባ የውሃ አቅርቦቱ በሚጠበቀው ልክ አለመሆኑ ተጠቆመ" ብለው አነበቡላት።

"ማነው የጠቆመ?"

"እኔ።"

"እንግዲያ እኔ ይበሉዋ። ልኩስ ምንድን ነው? አንዲት ጠብታ አለ?"

"የለም።"

"የለም ይበሉ።"

"ዜና ውስጥ የለም አይባልም፣ እናቴ።"

"ከሌለስ?"

ፕሮፌሰሩ ሰማዩን አዩ፤ ጠቁሯል። ገደሉን አዩ። ከዚያ የጻፉትን አጠፉና እንደገና ጻፉ። "በጓሳ አምባ ውሃ የለም። አለ ያልሁት እኔ ነኝ። አላየሁም ነበር።" ለሬዲዮው ላኩት። የትነበርሽ ጀሪካኗን አውርዳ አጠጣቻቸው።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ማስተካከያው በወጣ በማግስቱ ቧንቧው ሣሩን እንደያዘ ተጭኖ መጣ። ቦዩ ተቆፍሮ ቆይቷል፤ ከዳባት ጀምሮ የሰው ትከሻ ተሸከመው። ሰኔ ሳያልቅ ከመንደራችን መሐል ውሃ ወረደ። የየትነበርሽ ምራት ወለደች፤ ወንድ ነው። ልጁን ያጠቡት ደጃፍ ላይ በተቀዳ ውሃ ነው። የትነበርሽ ውሃውን ከፍታ ቆማ ስታየው ቆየች፤ ዝጊው ያላትም የለም። ይህን ለመዘገብ የመጣ ጋዜጠኛ የለም። የጓሳ አምባ ውሃ ድሮ የተዘገበ ነዋ፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መዘገብ ወግ አይደለም።

የፕሮፌሰሩ ስም የጠፋ የመሰለው ካለ ሙያውን አያውቀውም። ኮሌጁ በታሪኩ የመጀመሪያውን ማስተካከያ ላወጡ ሰው ከበፊቱ የበለጠ ሽልማት አዘጋጀ። የተቀረጸውንም ጽሑፍ ማስቀየር ቀላል ሆነ፤ "ላላወጡት" ከሚለው አንዱ "ላ" ብቻ ተፋቀ። ቢሯቸው ተመለሰላቸው። አሁን "ዓይኔ ካላየ" የሚል አዲስ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ኮሌጅ ከእንግዲህ ያልታየ ነገር አይዘገብም፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ወሬው ማዶ ለማዶ ተሰማ። ከእኛ ገደል ባሻገር ያለው መንደርም ውሃ የለውም። ብዙ ዘመን የለንም፣ የለንም እያሉ በእውነት ሲያመለክቱ ኖረዋል፤ የሰማቸው አልነበረም። ሽማግሌያቸው አያ ወልደኢየሱስ ተሻግሮ መጣና ከቧንቧችን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ ጠየቀን።

"ምነው ለእኛም ብትነግሩን? በማን በኩል ነው የተዋሸላችሁ?"

ነገርነው። ጎንደር ወርዶ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገባ። ተመልሶ ሲመጣ የተባባሉትን ቃል በቃል ነገረን።

"ጌታው፣ ውሃ አላቸው ይበሉን።"

"አላችሁ?"

"የለንም።"

"እንግዲያ አይሆንም አባቴ። ውሃችሁን በዓይኔ ሳላይ ውሃ አለ ብዬ አልጽፍም። ያ ዘመን አልፏል።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ካልሆነ የለም ብለው ይጻፉልን፤ መጥተው ይዩት።"

"የለም የሚለው ዜና አይደለም፤ ማስተካከያ ነው" አሉት ፕሮፌሰሩ በታላቅ ርኅራኄ። "ማስተካከያ ለማውጣት መጀመሪያ መሳሳት ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ በእናንተ ላይ የሠራነው ስህተት የለም።"

አያ ወልደኢየሱስ አመስግኖ ወጣ። አሁንም ጎንደር እየተመላለሰ የሚሳሳትለት ሰው ያፈላልጋል።